የዋሴ ልክ

ዋሴ መሞቱን ያወቅሁት ከሾርባው ሳህን ነው። አባቴ ጠዋት ወደ ሆስፒታል ይዞት የሄደው ሳህን ክዳኑ እንደ ተከደነ፣ የታሰረበት ጨርቅ እንኳ ሳይፈታ በእጁ ተመለሰ። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ እሠራ ነበር። አባቴ ሳህኑን እግሬ ሥር አስቀመጠና ስፌት ማኪናው ፊት ተቀመጠ። ማኪናው ላይ አንድ ሱሪ ተጣጥፎ ይጠብቀዋል፤ ባለቤቱ «እንደ ዋሴ አጥብቡልኝ» ብሎ የተወው ነው። አባቴ አነሣው፣ ዘርግቶ አየው፣ ከዚያ ወደ ጎዳናው ወረወረው። ዝናብ ይዘንብ ነበር። ሱሪው ጭቃው ላይ ተዘርግቶ ሳየው ልሄድና ላነሣው ፈለግሁ፤ ግን ተውሁት።

እኛ ልብስ ሰፊዎች ነን። ሥራችን የሰው ገላ ማየት ነው። ማን ሆድ እንዳወጣ፣ የማን ትከሻ እንደ ወረደ፣ የትኛዋ ሴት እንዳረገዘች ከባሏ ቀድመን የምናውቅ ሰዎች ነን። ታዲያ አንድ ወጣት ዓይናችን ሥር፣ በገዛ ጠረጴዛችን ላይ፣ በገዛ መቀሳችንና ክራችን ከስቶ ከስቶ ሲያልቅ እንዴት ሳናይ ቀረን? ይህን ስጠይቅ ነው የኖርሁት። መልሱን አውቀዋለሁ። መልሱን ማወቅ ግን አላጽናናኝም፤ እንዲያውም ያናድደኛል።

ዋሴ የወገራ፣ የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ነው። አባቱ መሪጌታ ነበሩ፤ እሱም ዜማ ጀምሮ ሳለ ወደ አስኳላ ኮበለለ። ጎንደር ላይ ተምሮ ጨረሰና አዲስ አበባ የሕንፃ ትምህርት ቤት ገባ። በዚያን ጊዜ በእኛ አገር ቤት መሥራት ትምህርት ነው ቢባል ማን ያምናል? ጭቃ የሚያቦካውና ድንጋይ የሚጠርበው ሞልቶ። ስለዚህ «መሐንዲሱ» አሉት፤ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ በፌዝ። እሱ ለሁለቱም እኩል ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣ ነበር።

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤቱ ይዘጋና ወደ ጎንደር ይመጣል። ከፒያሳ ጀርባ አክስቱ ቤት ያርፍና አዲስ ቤት ለሚሠሩ ሰዎች ፕላን ይስላል። የአክስቱ ቤት ጨለማ ነው፤ ወረቀት የሚዘረጋበት ጠረጴዛም የለው። የእኛ ሱቅ ግን ከጣሊያን ዘመን የቀረ፣ በር የሚያህል የመቁረጫ ጠረጴዛ ነበረው። አንድ ቀን ጥቅል ወረቀቱን በብብቱ ይዞ በረንዳችን ላይ ቆመ።

«አያ ካሴ፣ ጠረጴዛዎ ሥራ በፈታበት ሰዓት ወረቀቴን ልዘርጋበት?»

አባቴ የሚያየው ፊቱን ሳይሆን ኮቱን ነበር። «ይህን ኮት ማን ነው የሰፋው?»

«እኔ።»

«ውሸታም።»

«እውነቴን ነው አያ። ሰልባጅ ነው፤ የፈረንጅ ኮት ነበር። ላይኛው ነትቦ አገኘሁትና ተርትሬ ገለበጥሁት። ውስጡ አዲስ ነበረ።»

አባቴ እንደ ልማዱ ሳያስፈቅድ ኮቱን ገለጠና ገበሩን በጣቱ አሸት አሸት አደረገው። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የተሰበረ ጃንጥላ ጨርቅ።»

«ወይ ጉድ! ዝናብ ሲመጣ ገልብጠህ ልትለብሰው ነዋ!»

ሁለቱም ሳቁ። አባቴ የሌላ ሰው ስፌት አይቶ ሲስቅ ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ያሽሟጥጣል እንጂ አይስቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጠረጴዛው ግማሽ የዋሴ ሆነ።

ዋሴ ረጅም ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ አንገቱ ሰልካካ። ሲያስብ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንሥቶ መልሶ እዚያው ይሰካዋል። አንድ የማይለቀው አመል ነበረው፤ ባየው ነገር ሁሉ ላይ «ይህ ለማን ነው የተሠራ?» ይላል። ፈረንጆች ፎቶግራፍ የሚያነሡትን ቤተ መንግሥት ስናልፍ ሰው ሁሉ ማማውን ሲያይ እሱ ደረጃውን ያያል። «ይህ ደረጃ በፈረስ ለሚመጣ ሰው ነው የተሠራ፤ በእግሩ የሚመጣውን አላሰቡትም» ይላል። ፖስታ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ባንኮኒው አናደደው። ለረጅም ጣሊያን የተሠራ ነው፤ የእኛ አገር ሴት ቴምብር ስትገዛ በጣቷ ቆማ አገጯን ባንኮኒው ላይ አሳርፋ ነው። «እዪ የሺ፣ የምትለምን አስመስሏታል» አለኝ። ያን ከሰማሁ በኋላ እዚያ ባንኮኒ ፊት ቆሜ አላውቅም፤ አባቴን ነበር የምልከው።

እኔ ያን ጊዜ ወገቤን ያመኝ ነበር። እናቴ ብርድ ነው ስትል፣ ጎረቤት ደግሞ ዓይን ነው ስትል ቆየች። ዋሴ አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራዬን ሲያይ ቆየና ወንበሬን ከሥሬ ወሰደው። መጋዝ ተውሶ መጣ፤ የአራቱንም እግር ጫፍ ቆረጠና መለሰልኝ። «እግርሽ መሬት አይነካም ነበር። ወንበሩ የተሠራው ለሌላ ሰው ነው» አለኝ። አባቴ ስለ ደኅናው ወንበር ጥቂት ጮኸ። ወገቤ ግን ተሻለው፤ እናቴም ስለ ብርዱ ማውራት ተወች።

ዋሴ ልብስ ይወዳል። ይወዳል ስል ግን በገንዘብ የሚወዱ ሰዎች እንደሚወዱት አይደለም። ገበያ ወርዶ ማንም የማይፈልገውን ይፈልጋል፦ የወታደር ብርድ ልብስ፣ የፍራሽ ጨርቅ፣ ግማሹ የተቃጠለ ካኪ። «ርካሽ ጨርቅ አለ፤ ርካሽ ልክ ግን የለም» ይለኝ ነበር። «ልኩን የሚያውቅ ሰው ጆንያም ያምርበታል።» ለእኔ ሰማያዊ መስመር ካለው የፍራሽ ጨርቅ ቀሚስ ቆረጠልኝና እኔ ሰፋሁት። ኪስ አድርጊበት አለኝ፤ ሴትም እጇን የምታሳርፍበት ቦታ ትፈልጋለች ብሎ። ለብሼው ስወጣ የሰፈራችን ሴቶች ተንጫጩ።

«የሺ፣ ለብሰሽው ነው ወይስ ተኝተሽበት?»

«ኧረ ጭዱን ብቻ አውጥታ ነው!»

በሳምንቱ ግን የቀለዱብኝ ሁለቱም ጨርቅ ይዘው መጡ። ኪሱን እንዳትረሺው አሉኝ።

ያ የመጀመሪያው ክረምት ነው። ከእሱ ጋር የሳቅሁት ሳቅ ሁሉ እዚያ ክረምት ውስጥ ነው ያለው።

በሁለተኛው ክረምት ሲመጣ ሱሪው ጠቦ ነበር። እስከዚያ ድረስ በጎንደር የሚለበሰው ቦላሌ ነው፤ ነፋስ ሲገባበት የሚንቦለቦል ሰፊ ሱሪ። የዋሴ ግን ከዳሌው ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ልክክ ያለ ነው። በመጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ደግሞ እንደ ገና ሊያጠበው ፈለገ። አባቴ «አምጣው፣ እኔ በአንድ አፍታ» ቢለው አልሰጥም አለ። መጋረጃው ጀርባ ገብቶ ራሱን በራሱ ለካ፤ ማኪናው ላይ ተቀመጠና ራሱ ሰፋው። እኛ የተማሪ ኩራት መሰለን።

የፒያሳ ጎረምሶች ዓይናቸው ፈጣን ነው። መጀመሪያ የመጣው ዘሪሁን ነው፤ ኳስ ተጫዋቹ፣ ጭኑ የበሬ ጭን የሚያህለው። ቦላሌውን ጠረጴዛው ላይ ጣለና «እንደ ዋሴ አርጉልኝ» አለ። አባቴ «በዚህ ጭን?» አለው። «በዚህ ጭን» አለ ዘሪሁን። ተቀምጦ መነሣት አቅቶት ሳምንቱን ሙሉ ቆሞ ዋለ፤ ነገር ግን የሰፈሩ ልጃገረዶች አዩት። ከዚያ ወዲያ በረንዳችን ላይ የሱሪ ቁልል ሆነ። ወንድሞች የወንድሞቻቸውን፣ ባሎች የሠርጋቸውን ሱሪ ሳይቀር አመጡ።

«ዋሴ፣ አዲስ አበባ እንዲህ ነው የሚለበሰው?» ይሉታል።

«እንዲህ ነው» ይላል እየሳቀ።

አልዋሸም። እውነትም ጠባብ ሱሪ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ለእሱ ግን ፋሽኑ ሰማይ የላከለት መደበቂያ ሆነለት። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ሳል ጀምሮት፣ ሌሊት ሌሊት እያላበው፣ ሥጋው ይጎድል ነበር። ሱሪው ሲሰፋው ያጠበዋል፤ ሲያጠበው ደግሞ ዘመናዊ ይባላል። እሱ ለበሽታው ያጠበበውን ከተማው ለጌጥ አጠበበው። የጎንደር ጎረምሳ ሁሉ የአንድ በሽተኛ ሰው ልክ ለብሶ ይንጎራደድ ነበር፤ እኛም ሰፊዎቹ ነን።

አባቴ ከጎረምሶቹ ሱሪ የተረፈውን ጨርቅ በመቀስ እየቆረጠ ይጥላል። ዋሴ ግን የራሱን አያስቆርጥም። ወደ ውስጥ እያጠፈ ነው የሚሰፋው።

«ምነው አትቆርጠውም? ስፌቱ ወፍሮ ጎንህን ይበላሃል» አለው አባቴ።

«ይቆይ አያ። ፋሽን ይመለሳል፤ ያን ጊዜ እለቀዋለሁ።»

ይመለሳል ያለው ፋሽኑን አልነበረም። ሥጋውን ነበር የሚጠብቀው። ኮቱንም እንዲሁ አደረገው፤ ያን የጃንጥላ ገበር ያለበትን። ጎንና ጎኑን አስገባው፣ እጅጌውን አስገባው፣ ሁሉንም አጥፎ ውስጥ አስቀረው። ስለዚህ ኮቱ ሁልጊዜ ልክክ እንዳለበት ነው። አየነው፤ አማረበት አልን።

በዚያው ክረምት ለቡሄ እኔንና አባቴን አገሩ ወሰደን። መንገድ ላይ ኮሶዬ ስንደርስ ጉም ወርዶ አውቶቡሱ በመብራት ነው የሄደ። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ እናቱ እትዬ ጥሩነሽ ከደጅ ቆመው ይጠብቁ ነበር። አጭር ሴት ናቸው፤ ዓይናቸው ከጭስ ብዛት ቀልቶ ሁልጊዜ እንባ ያዘለ ነው። ልጃቸውን ስመው ሲጨርሱ አንድ ነገር አደረጉ። ኮቱን ከወገቡ ላይ በሁለት እጃቸው ያዝ አድርገው ወደ ጎን ጎተት ጎተት አደረጉት። አልተላቀቀም።

«ልብሱ ልክክ እንዳለበት ነው» አሉ ለባላቸው። «የአምናው ኮት ነው፣ አውቀዋለሁ። ሸጋ ነው፣ አልከሳም።»

«ተመስገን» አሉ መሪጌታ።

በእኛ አገር እናት ከመንገድ የገባ ልጇን እንዲህ ነው የምትመዝነው። ፊት በመንገድ ይገረጣል፤ ልብስ ግን ይናገራል። የአምናው ልብስ ዘንድሮ ሰፍቶ ከተገኘ ልጁ ተጎድቷል፤ ልክ ከሆነ ደህና ነው። ከዚህ የሚሻል ሚዛን አልነበራቸውም። ልጃቸው ልብስ ማጥበብ እንደሚያውቅ ማን ይንገራቸው?

ቤት ገብተን ስንቀመጥ ሳሉ ተነሣበት። እሳቱ መሀል ቤት ይነድዳል፤ ጭሱ ከጣሪያው ሥር ተንጣሎ ቁልቁል ይወርዳል። እኔም ሳልሁ፣ አባቴም ሳለ። የዋሴ ግን አልቆም አለ። ወደ ደጅ ወጥቶ ግድግዳውን ይዞ ቆየ።

«አይ የኔ ልጅ!» አሉ እትዬ ጥሩነሽ እየሳቁ። «ከተማ ለምዶ ጭሱን ረሳው። እናቱ ቤት እንግዳ ሆነ።»

ሲመለስ ዓይኑን ጠረገና ግድግዳውን በሜትር ይለካ ጀመር። ለመመረቂያው የሚስለው ቤት ለዚህ ለወገራ ብርድ የሚሆን ነው አለኝ። ጭሱ የሚወጣበት፣ ሙቀቱ የሚቀርበት ቤት። እንጨቱም ድንጋዩም ከዚሁ አገር፣ ገበሬ በደቦ የሚሠራው። መጀመሪያ የሚሠራው ለእናቱ ነው። ያን ቤት ሲያወራ ፊቱ ይበራል፤ ስለ ሌላ ነገር እንዲህ ሲሆን አላየሁትም።

«እማ፣ አንድ ዓመት ብቻ ቆዪኝ» አላቸው። «ከዚያ በኋላ ዓይንሽ አያነባም።»

«እኔ ወዴት እሄዳለሁ?» አሉት። «ይልቅ አንተ ብላ።»

በበነጋው ጎንደር ገባን። ዋሴ ከእኛ ጋር ሲመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ተኛ። ደክሞት ነው አልን።

በሦስተኛው ዓመት ክረምቱን ሳይጠብቅ በግንቦት መጣ። የመመረቂያውን ቤት ሊለካ እንደ ሆነ ተናገረ። ትከሻው ከመቼውም የበለጠ ሰፍቶ ታየኝ። ኋላ ነው ያወቅሁት፤ ኮቱ ውስጥ ጥጥ አስገብቶ ነበር። ሱሪው ከእግሩ ጋር እንደ ተጣበቀ ነው። ዘሪሁን በበረንዳው ሲያልፍ አየውና «ኧረ ዋሴ፣ ከዚህ ወዲያስ የት ልታጠበው ነው?» አለው። ዋሴ «ገና ነው» አለ። ዘሪሁን ያን ሰምቶ በማግስቱ የራሱን እንደ ገና ሊያስጠብብ አመጣ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ፕላን ሲሠራ ሳሉ ተነሣበት። የቁራጭ ጨርቅ ክምር አጠገቡ ነበር፤ አንዱን አንሥቶ አፉ ላይ ያዘ። ሲጨርስ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። አባቴ ከማኪናው ተነሣና እጁን የዋሴ ኪስ ውስጥ ሰደደ። ጨርቁን ዘረጋው። ደም ነው። ዋሴ ወረቀቱን አይቶ «ፕላኑን አልነካውም፣ አይደል?» አለ።

አባቴ ያኑ ዕለት ክንዱን ይዞ ሆስፒታል ወሰደው። ሐኪሙ ራጅ አስነሥቶ አየ፤ የሳንባ ነቀርሳ ነው፣ ሁለቱም ሳንባው ተበልቷል፣ በጣም ዘግይታችኋል አለ። መድኃኒቱ ተጀመረለት። ለመሪጌታ መልእክት ተላከ። እሳቸውም መጥተው አልጋው አጠገብ ዳዊት እየደገሙ ከረሙ፤ ለእትዬ ጥሩነሽ ግን አልተናገሩም። «ልቧ አይችልም። ሲሻለው ራሱ ይነግራታል» አሉ። ባል ስለ ሚስቱ ሲወስን የሚከራከረው ማን ነው?

እኔ ሆስፒታል ስገባ መጀመሪያ አላወቅሁትም። የሆስፒታሉን ነጭ ቀሚስ አልብሰውታል፤ ለማንም ሰው እንዲሆን ተብሎ የተሰፋ፣ አንገቱ የሰፋ፣ እጅጌው የተዘረፈጠ። በዚያ ውስጥ አጥንት ብቻ ነበር። የአንገቱ ጎድጓዳ ውኃ ይይዛል። ዋሴን ራሱ ባልሰፋው ልብስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ነው በእውነት ያየሁት። ተናደድሁ። ማልቀስ ሲገባኝ ጮኽሁበት።

«ምነው? ምነው አትነግረንም ነበር? ምን አደረግንህ?»

«ቀስ በይ የሺ፣ ሰው ተኝቷል» አለኝ። ትንፋሹን ሰበሰበ። «ብናገር ከትምህርት ቤቱ ያወጡኛል። አንድ ጓደኛዬን እንዲህ ብለው ወደ አገሩ ሸኙት፤ አልተመለሰም። እናቴ ብታውቅ ደግሞ ጸበል ትወስደኝና አትለቀኝም። በዚህም በዚያም ቤቱ አይሠራም።»

«ቤት! አሁንም ቤት ትላለህ?»

«አምና አንድ ዓመት ነበር የቀረኝ። ሰው ካላወቀብኝ እደርሳለሁ ብዬ ነው። ደግሞ አላወቃችሁብኝም።» ይህን ሲል ከንፈሩ ላይ የኩራት ነገር አየሁ። እስከ ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚያመኝ ያ ኩራቱ ነው። እጁ አምሮለት፣ ስፌቱ ተዋጥቶለት ነው የሞተው። ትንሽ ስፌት የማይችል፣ ዝርክርክ ሰው ቢሆን ኖሮ ገና በሁለተኛው ክረምት ሱሪው ሲወርድ አይተን እንይዘው ነበር።

እንደ ልማዱ የለበሰውን ቀሚስ በጣቱ ያዝ አድርጎ አየው። «እስቲ ይህ ለማን ነው የተሠራ?» አለ። ሊያስቀኝ ነበር። አልሳቅሁም።

ሰኔ ሲያልቅ ሞተ። ያን ጠዋት ነው ሳህኑ የተመለሰው። ሬሳውን በማኪና ወደ አገሩ ወስደው አባቱ በሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ቀበሩት። ለእትዬ ጥሩነሽ የተነገራቸው ድንገት ታሞ ሞተ ተብሎ ነው። መንገዱ በዝናብ ተበላሽቶ እኛ ለቀብሩ አልደረስንም። ለሰልስቱ ሄድን። አባቴ፣ እኔ፣ ከእኛም ጋር የፒያሳ ጎረምሶች አውቶቡስ ሞልተው። ዘሪሁን ነው ያስተባበራቸው። ዋሴን ይወዱት ነበር፤ ለእሱ ለቅሶ እሱ እንደሚወደው ለብሰን እንሂድ ተባባሉ። ካውያ ያልነካው ሱሪ አልነበረም።

በወገራ ሰው ሲሞት ልብሱ ይወጣል። ዘመድ አንዱ ኮቱን፣ አንዱ ጫማውን፣ አንዱ ፎቶግራፉን ይዞ ለቅሶው መሀል እየዞረ ያለቅስበታል፤ አልቃሽ ደግሞ እያንዳንዱን እያነሣች ታወሳዋለች። የዋሴም ልብስ ወጣ። አልቃሿ ልብስ የሚያምርበት፣ ያጠለቀው ሁሉ ልክ የሚሆንለት እያለች ስታነሣሣው ሰዉ ሁሉ እህህ አለ። የአክስቱ ልጅ ያን ኮት ከፍ አድርጎ ይዞ ዞረ። እትዬ ጥሩነሽ ከተቀመጡበት ተነሡና ተቀበሉት። ደረታቸው ላይ አቀፉት፣ ፊታቸውን ቀበሩበት። ከዚያ እጃቸው ኮቱ ጎን ላይ ቆመ።

ጨመቅ አደረጉት። ገለጡት። ገበሩ ሥር እጥፍ በእጥፍ የተደራረበ ጨርቅ አገኙ። ዓይናቸው ስለማያይላቸው በጣታቸው ነው ያነበቡት፤ አንዱን ጎን ጨርሰው ወደ ሌላው ሄዱ። ቀና አሉ።

«አያ ካሴ። ይህ ምንድን ነው?»

አባቴ ወደ መሪጌታ አየ። መሪጌታ አቀርቅረዋል።

«ያስገባው ነው እትዬ» አለ አባቴ። «ሲከሳ ያስገባዋል። እንደ ገና ሲከሳ እንደ ገና ያስገባዋል።»

«ስጎትተው አልተላቀቀም እኮ።»

«እንዳይላቀቅ ብሎ ነው።»

«ታሞ ነው ያጠበበው?»

«አዎ እትዬ። ታሞ ነው።»

አልጮኹም። ይጮኻሉ ብለን ሴቶች ወደ እሳቸው ቀርበን ነበር። ኮቱን በክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው ዞር አሉ፤ ያን ጊዜ የፒያሳ ጎረምሶች ፊት ለፊታቸው ናቸው። በአንድ ረድፍ ቆመዋል፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በዝናብ ርሰው፣ ጠባብ ሱሪያቸው ከእግራቸው ተጣብቆ። እትዬ ጥሩነሽ እንዲያ የለበሰ ሰው ከልጃቸው በቀር አይተው አያውቁም። በቀይ ዓይናቸው ከዳር እስከ ዳር አዩዋቸው። ከዚያ ሄዱና ዘሪሁን ፊት ቆሙ። ቁመታቸው ደረቱ ላይ ነው የሚደርሰው። እጃቸውን ሰደው ሱሪውን ከወገቡ ላይ ያዙት።

«አንተም ታመሃል የኔ ልጅ?»

ዘሪሁን ደነገጠ። «ኧረ አይደለም እማማ። ደህና ነኝ።»

ወደሚቀጥለው አለፉ። ያዙት። «አንተስ?»

«ደህና ነኝ እማማ።»

«አንተስ ልጄ? ለእናትህ ነግረሃታል?»

እትዬ ጥሩነሽ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄዱ የሁሉንም ወገብ እየያዙ ጠየቁ፤ ልጆቹም አንዱ ከአንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ እያሉ መለሱ። ረድፉ ሲያልቅ ወደ ዘሪሁን ተመለሱ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ሊገባቸው ፈልገው ብቻ ነው፤ የጠፋባቸውን ነገር እሱ እንደሚያውቀው ያህል ከሥር ወደ ላይ አዩት።

«ደህና ከሆንህ ምነው አስጠበብኸው?»

ዘሪሁን ወደ አባቴ አየ። አባቴ ወደ እኔ አየ።